የሻወር ቦይለር ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግር፦ ማስጠገን፣ መስመር ማሳደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ማርቆስ በጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ገላ ላይ ማፍሰስ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊቱን በቧንቧ ውስጥ ያደረው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፋች እናት ካለች ደግሞ ቦይለር ቅንጦት መሆኑ ይቀራል።

ችግሩ የሚጀምረው ብሬከሩ መውረድ ሲለምድ ነው። ታነሱታላችሁ፣ ይወርዳል። ደግማችሁ ታነሱታላችሁ፣ ይወርዳል። ከዚያ ምክር ይዘንባል። አንዱ "ብሬከሩን ቀይረው" ይላል። ሌላው "ቦይለሩ አርጅቷል፣ ጣለው" ይላል። ጎረቤት ደግሞ "ኢንስታንት ግዛና ተገላገል" ይላል፤ ታንክ የሌለውን፣ ውሃው ሲያልፍ የሚያሞቀውን ማለቱ ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ዘመድ "ሶላር ይሻላል" ይላል። ሁሉም ገንዘብ ያስወጣል።

ይህ ነገር በሁለት ቤት ገጥሞኛል፤ ማርቆስ እናቴ ቤትና ባሕር ዳር እኔ በተከራየሁት ቤት። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ያው "ብሬከር ወረደ" ነው። በሽታቸው ግን የተለያየ ነበር፣ መድኃኒታቸውም እንደዚያው። የማንንም ዕቃ ስም አልጠራም። ዋጋም አልጽፍም፤ ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከወር ወር ይለያያል። ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ መቼ እንደሚወርድ እዩ

አንድም ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ቦይለሩን ከሶኬቱ ንቀሉት። ሶኬት ከሌለውና ገመዱ በቀጥታ የገባ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ያላቅቀው። ከዚያ ብሬከሩን አንሱት። ቦይለር ሳይኖርም ከወረደ ጥፋቱ ገመዱ፣ ብሬከሩ ወይም በዚያው መስመር ያለ ሌላ ዕቃ ላይ ነው። አዲስ ቦይለር ብትገዙም እሱም ያስወርደዋል።

ቦይለሩ ሲነቀል ብሬከሩ ጸጥ ብሎ ከቆመ ቀጣዩ ጥያቄ ሰዓቱ ነው።

ማብሪያውን በነካችሁበት ቅጽበት ጠብ የሚል ከሆነ ሾርት አለ፣ ወይም ኤሌክትሪክ ወደ ቦይለሩ አካል እያፈተለከ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስታንሱ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያሞቀው ቱቦ።

አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ የሚወርድ ከሆነ ሙቀት ነው። ብሬከር ውስጥ በሙቀት የምትጎብጥ ቀጭን የብረት ሰሌዳ አለች። ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ቀስ እያለ ያሞቃትና ትጎብጣለች፣ ብሬከሩም ይወርዳል። የላላ ቡሎንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ገመዱ የታሰረበት ቦታ ይግልና ሙቀቱ ወደ ብሬከሩ ይዛመታል።

ምጣድ ሲጣድ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መልሱ ገና ሳይመረመር ታውቋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው።

ወራት ሳይበራ ቆይቶ በተከፈተ ቀን የሚወርድ ከሆነ እርጥበት ሊሆን ይችላል። በሬዚስታንሱ ቱቦ ውስጥ ሽቦውን ከብረቱ የሚለይ ነጭ ዱቄት አለ። ይህ ዱቄት እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ አውጥቶ ሲያደርቀው የሚተርፍበት ጊዜ አለ።

ብሬከሩን አንድ ጊዜ አንስታችሁ ሞክሩ። ሁለተኛ ከወረደ ተዉት። አሥር ጊዜ እያነሱ መሞከር የተጎዳውን ገመድ አሥር ጊዜ ማቃጠል ነው።

እናቴ ቤት የሆነው

የማርቆሱ ቤት መስመር አሮጌ ነው። የኩሽናው ሶኬትና የሻወሩ ቦይለር በአንድ 2.5 ካሬ (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) ገመድ፣ በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ እንጀራ ትጋግራለች። እየጋገረች ቦይለሩን ታበራለች፤ ስትጨርስ ገላዋን ለመታጠብ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ጸጥ ይላል። "ልጄ፣ ይሄው ደግሞ ጠፋ" ትለኛለች በስልክ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዋቱን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት አምፔሩ ይመጣል። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው፤ 16 አምፔር ገደማ። ቦይለሩ 1,500 ዋት ነው፤ ወደ 7 አምፔር። ድምሩ 23 አምፔር በ16 አምፔር ብሬከር ላይ። ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነበር።

የተጠራው ሠራተኛ ግን ብሬከሩን አውጥቶ ባለ 32 አስገባ። ከዚያ በኋላ አልወረደም። እናቴም ደስ አላት፣ መረቀችው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ኩሽናው የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ሄጄ የሶኬቱን ክዳን ስፈታ ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ታች ወርዷል። የገመዱ ልባስ ጠቁሮ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈር ነበር። መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል። ከበስተጀርባው የቤቱ ግድግዳ ነው፤ ጭቃና እንጨት።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህንን እላለሁ፦ ገመዱን ሳትቀይሩ ብሬከሩን አታሳድጉ። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 2.5 ካሬ ገመድ 32 አምፔር ተሸክሞ አይዘልቅም፤ ብሬከሩ ዝም ስላለ ግን ማንም አያውቅለትም።

በምን እንመዝን

አማራጮቹን የመዘንኩት በአምስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው፤ እርጥብ ሰውነትና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ነውና የሚገናኙት። ሁለተኛው የቤቱ መስመር አቅም፦ ገመዱ ስንት ካሬ ነው፣ ዋናው ብሬከር ስንት አምፔር ነው፣ ግራውንድ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ) አለው ወይ። ሦስተኛው የአካባቢው ውሃና አየር ነው። የባሕር ዳር ውሃና የእንጅባራ ውሃ እኩል አይቀዘቅዝም። አራተኛው የመብራት ካርዱ ወጪ ነው። ታሪፉ በደረጃ የተከፋፈለ ስለሆነ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ይወጣል። አምስተኛው ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው በከተማችሁ መገኘቱ ነው። ባሕር ዳር ያለ ዕቃ ሁሉ ሞጣና ቢቸና አይገኝም።

አማራጭ አንድ፦ ሬዚስታንሱን ማስቀየር

ባሕር ዳር የኔው ችግር ይህ ነበር። እዚያ ቤት ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚወርድ ሊኬጅ ብሬከር ተገጥሟል፤ "ቲ" የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው። ቦይለሩን ባበራሁ ቁጥር በቅጽበት ይወርዳል። አንድ ወዳጄ "ሊኬጁን አውጣና በተራው ብሬከር ሥራ" አለኝ። እንኳን አልሰማሁት።

ኤሌክትሪሻኑ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ መጣ። ዋናውን አጠፋ፣ ገመዶቹን ፈታ። በሬዚስታንሱ ሁለት ጫፎች መካከል 32 ኦም አነበበ፤ ለ1,500 ዋት ትክክል ነው። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ከቱቦው ብረት ጋር ለካ። እዚህ ላይ ሜትሩ ምንም ማሳየት የለበትም። 4,000 ኦም አሳየ። 220 ቮልት በዚያ በኩል 55 ሚሊ አምፔር ያፈሳል። ሊኬጅ ብሬከሩ የሚወርደው በ30 ነው። ተራው ባለ 16 ብሬከር 55 ሚሊ አምፔርን ከነመኖሩም አያውቀውም። ግራውንዱ የተበጠሰ ቢሆን ኖሮ ያ ኤሌክትሪክ ውሃውንና ቧንቧውን ይዞ እኔን ይጠብቅ ነበር።

ውሃው ተደፍቶ ሬዚስታንሱ ሲወጣ ነጭ ቅርፊት እንደ ኖራ ተጋግሮበታል። ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ሲጠርገው ከሥሩ መዳቡ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች፣ ዙሪያዋ አረንጓዴ ዝገት። ውሃ የሚገባው በዚያች ነው።

ታንኩ ጤነኛ ከሆነ ይህ ጥገና በጣም ያዋጣል። ወጪው ርካሽ ነው፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ስታስቀይሩ ጎማውን (ጋስኬቱን) አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌው ጎማ ተመልሶ አይጠብቅም። ከጎኑ ያለችውን የማግኒዥየም ዘንግም እዩ። ታንኩ እንዳይዝግ በሱ ፋንታ የምትበላው እሷ ናት። እስክሪብቶ ቀፎ አክላ ከቀጠነች ቀይሯት።

ታንኩ ራሱ ከሥሩ የሚያንጠባጥብና ዝገት ያለው ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ግን ሬዚስታንስ አትግዙለት። ከደኅንነት ቫልቩ ውሃ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለት ግን ጤና ነው፣ እሱን አትድፈኑት።

አማራጭ ሁለት፦ ለቦይለሩ የራሱን መስመር መዘርጋት

ለማርቆሱ ቤት መፍትሔው ይህ ሆነ። ከዋናው ሳጥን ተነስቶ ቦይለሩ ጋ የሚደርስ አዲስ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ሊኬጅና ግራውንድ። ለ1,500 ወይም 2,000 ዋት ቦይለር 2.5 ካሬ ገመድና 16 አምፔር ይበቃል። ወጪው መካከለኛ ነው፤ ቱቦና የግድግዳ ሥራ ካለው ከፍ ይላል። ሰዎች ይህን ወጪ አይወዱትም፤ ገንዘቡ ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፣ እንግዳ አያየውም። ቦይለሩን ነገ ብትቀይሩትም መስመሩ ግን ይቀራል። ካየኋቸው አማራጮች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው እሱ ነው።

መስመር ለመዘርጋት አቅም ካልደረሰ ለጊዜው ሰዓት ለዩ። ምጣድ ሲጣድ ቦይለር ይጥፋ። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በ1,500 ዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከመጋገሩ በፊት አሙቃችሁ ብታጠፉት ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

አማራጭ ሦስት፦ አዲስ ባለ ታንክ ቦይለር

ታንኩ ከዛገ ምርጫው ይኸው ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ ጥሩ ነው፤ አንዴ የሞቀ ውሃ መብራት ቢጠፋም አይከዳችሁም። ለሦስት፣ አራት ሰው 50 ሊትር ይበቃል፣ ተራ በተራ ከታጠባችሁ። ሰፋ ያለ ቤተሰብ 80 ይውሰድ። ከሱቅ ስትገዙ ሬዚስታንሱ በብሎን የሚፈታ መሆኑንና መለዋወጫው እዚያው ከተማ መሸጡን ጠይቁ። ውሃ በጠፋ ቀን ቦይለሩን አጥፉ። ታንኩ ወደ ኋላ ፈስሶ ከጎደለ ሬዚስታንሱ በደረቁ ይነዳል።

አማራጭ አራት፦ ኢንስታንት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ግድግዳ ላይ ቦታ አይዝም። "ቦይለሩ ብሬከር ካስወረደ ይቺን ትንሽ ዕቃ ልግጠም" ይባላል። ትንሿ ዕቃ ግን 5,500 ዋት ትጎትታለች። 25 አምፔር ነው፤ የቦይለሩ ሦስት እጥፍ ከግማሽ በላይ። 16 አምፔሩን ያስወረደ ቤት 25ን እንዴት ይችላል? 6 ካሬ ገመድና የራሱ ባለ 32 ብሬከር ያስፈልገዋል። ምጣዱ አብሮ ከተጣደ 41 አምፔር ይሆናል፤ ያኔ ዋናው ብሬከር ነው የሚወርደው።

አየሩም ይወስናል። 5,500 ዋት ውሃን ከ22 ወደ 37 ዲግሪ ሲያሞቅ በደቂቃ አምስት ሊትር ይሰጣል። ደህና ሻወር ነው። ውሃው 15 ዲግሪ ሆኖ ከመጣ ግን በደቂቃ ሦስት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ጀርባ ሲሞቅ ደረት ይበርዳል። ስለዚህ ለባሕር ዳር ሊሆን ይችላል፤ ለማርቆስ፣ ለእንጅባራና ለጮቄ ተራራ ሥር ከተሞች አልመክረውም።

ጥሩ ጎን አለው። ብቻውን የሚኖር ሰው በስምንት ደቂቃ ሻወር 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ያወጣል፣ ታንክ ሙሉ አያሞቅም። ነገር ግን ብዙዎቹ ርካሽ ዓይነቶች ሽቦው በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ያለ ግራውንድና ያለ ሊኬጅ ብሬከር አንዱንም እንዳትገጥሙ። ይህን ስለምትወዱት ሰው ብላችሁ ስሙኝ።

አማራጭ አምስት፦ ሶላር

መነሻ ወጪው ውድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ካርድ አይበላም። በበጋ ጎጃም ላይ ፀሐይ ሞልቷል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሰማዩ ለቀናት ላይገለጥ ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚሠራው ውስጡ ያለው መጠባበቂያ ሬዚስታንስ ነው፣ እሱም እንደማንኛውም ሬዚስታንስ ብሬከር ያስወርዳል። ሶላር ገዝቶ ከመስመር ሥራ ማምለጥ አይቻልም ማለት ነው። የውሃ ሮቶው ከሶላሩ ታንክ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ጣሪያውም ክብደቱን መቻል አለበት። በረዶ በሚጥልበት ደጋ የመስታወት ቱቦው ሊሰበር ስለሚችል ትርፍ ቱቦ የሚሸጥ ሱቅ ቀድማችሁ ፈልጉ። ተከራይ ከሆናችሁ ይህን እለፉት።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | የመስመር ፍላጎት | የካርድ ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ሬዚስታንስ ማስቀየር | ርካሽ | ያለው መስመር ጤነኛ ከሆነ ይበቃል | እንደበፊቱ | ባበሩበት ቅጽበት ለሚወርድ፣ ታንኩ ላልዛገ |
| የራሱ መስመር | መካከለኛ | 2.5 ካሬ፣ 16 አምፔር | እንደበፊቱ | ቆይቶ ወይም ከምጣድ ጋር ለሚወርድ |
| አዲስ ባለ ታንክ | መካከለኛ | 2.5 ካሬ፣ 16 አምፔር | መካከለኛ | ታንኩ ለዛገ፣ መብራት ለሚቆራረጥበት |
| ኢንስታንት 5,500 ዋት | ዕቃው ርካሽ፣ መስመሩ ውድ | 6 ካሬ፣ 32 አምፔር | ለአንድ ሰው ትንሽ | ሞቅ ባለ ከተማ ብቻውን ለሚኖር |
| ሶላር | ውድ | ለመጠባበቂያው 2.5 ካሬ | በበጋ ምንም | የራሱ ቤት ላለው፣ ለእንግዳ ማረፊያ |
| ብሬከር ብቻ ማሳደግ | በጣም ርካሽ | — | — | ለማንም |

ስታቢላይዘር ልግዛ ለምትሉ

"መብራቱ ስለሚያንስ ነው የሚወርደው" የሚል ብዙ ሰው አለ። ለቦይለር ይህ ልክ አይደለም። ቮልቴጅ ሲያንስ ሬዚስታንስ የሚጎትተው አምፔርም ያንሳል። በ180 ቮልት ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ውሃው ለመሞቅ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ብሬከር አያስወርድም። ለቦይለር ብላችሁ ስታቢላይዘር አትግዙ።

የውሃ መግፊያ ሞተር ግን ሌላ ነው። ሞተር ቮልቴጅ ሲያንሰው ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ይጎትታል። ባሕር ዳር ጃኩዚ ያላቸው ማረፊያዎች ይህን ልብ ይበሉ። ጃኩዚ ማሞቂያም፣ ሞተርም፣ አየር መንፊያም አለው። ባለሙያው ሦስቱንም አላቅቆ አንድ በአንድ እየመለሰ ይሞክር። ማሞቂያው ሲመለስ ከወረደ ሬዚስታንሱ ነው። ማሞቂያው ተላቆም ማታ ማታ፣ መብራት ደብዘዝ ሲል ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩን እዩ። ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ግን ብሬከር ማንሳት የለም፤ መጀመሪያ ሰውየው ይውጣ።

እኛ ምን አደረግን

ባሕር ዳር ሬዚስታንስና ጎማ አስቀየርኩ፣ አለቀ። ማርቆስ ያንን ባለ 32 ብሬከር አስወጣሁ፣ የተቃጠለውን ገመድ አስቀየርኩ፣ ለቦይለሩ አዲስ መስመር ከነሊኬጁ አስዘረጋሁ። ቦይለሩ ያው አሮጌው ነው። ሥራው ሲያልቅ ኤሌክትሪሻኑን "ቲ"ን ተጫንልኝ አልኩት፤ ጠብ አለ፣ መለሰው። ለእናቴም አሳየኋት። አሁን ወር በገባ በልደታ ቀን ወንበር ላይ ቆማ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስጫነዋለች። ወርዷል ብላ ትደውላለች፣ ተመልሷል ብላ ትደውላለች።